እህቴን ፍል ውሃ የወሰድኳት ቀን

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ በየቅዳሜው ሀዋሳ ምን ትሠራለህ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንዱማ "ቲቸር ሀዋሳ ላይ ሁለተኛ ቤት ከፈተ እንዴ?" ብሎ ኮመንት ላይ ጽፎልኛል። ባለቤቴ አንብባው ከልቧ ስቃለች፤ አንተ ልጅ ግን ማርክህ ስንት እንደነበር አልረሳሁም።

ዛሬ ዓርብ ግንቦት 22 ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል በሽታ በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። ስለዚህ መልሱን ዛሬ ልጻፈው አልኩ። የምጽፈው ስለ እትዬ ነው። ስሟን አልጽፍም፣ ፎቶዋንም አልለጥፍም። ጽሑፉን ግን ከመለጠፌ በፊት ቁጭ ብዬ አንብቤላታለሁ። መጀመሪያ የፍል ውሃውን ታሪክ ዘልዬው ነበር። "እሱንም ጻፈው። እሱን ካልጻፍክ ሌላውንም ተወው" አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

እትዬ በ7 ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስታርፍ እሷ 8ኛ ክፍል ነበረች፤ ደብተሯን አስቀምጣ ቡና ለቀማ ገባች። በጋውን ዲላ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ወደ ይርጋጨፌ ወጥታ ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራለች። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ በኋላም ዲፕሎማዬን እስክይዝ የቤት ኪራዬ ሁሉ ከእሷ የቀን ሒሳብ የወጣ ነው። ዛሬ "ቲቸር" የምትሉኝ እሷ ጎንበስ ብላ ስለለቀመች ነው።

በ2010 ኅዳር ላይ፣ የቡናው ሥራ በጦፈበት ሰዓት፣ ግራ ዓይኗ ደበዘዘ። ዓይኗን ስታንቀሳቅስ ያማታል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። "ቀዩን ቡና ከጥሬው መለየት አቃተኝ፤ በአንዱ ዓይኔ ሳየው ቀዩ ሁሉ ወይቦብኛል" አለች። የሰፈር ሰው "ምች ነው" አለ። ዳማከሴ ታሸ፣ ተጨምቆም ጠጣች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓይኗ ተመለሰ። ዳማከሴው አዳናት ብለን ረሳነው።

በ2012 እግሯ ጀመራት። "ስራመድ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል" ትላለች። ከዚያ ጉንዳን የሚሄድባት ዓይነት ስሜት፣ ከዚያ ድካም። ድካም ስላችሁ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ ድካም አይደለም፤ ስምንት ሰዓት ተኝታ ተነሥታ የቡና ስኒ ማንሣት የሚያቅታት ዓይነት ነው። ጠዋት ደህና ትወጣለች። ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ጀንፈል እያገላበጠች ፀሐይ አናቷ ላይ ሲወጣ እግሯን መጎተት ትጀምራለች። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ትመለሳለች። የሥራ ኃላፊዋ "ፀሐይ ስትወጣ የሚነሣ ስንፍና" ብሎ ቀለደባት። ሕክምና ሄድን። አንዱ ጋ ደም ማነስ፣ አንዱ ጋ ሪህ፣ አንዱ ጋ "ጭንቀት ነው" ተባለ፣ ቫይታሚን ተሰጣት።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

ጥር 2014 ነው። የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበርን። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ "ሙቅ ውሃ ጡንቻ ያፍታታል" እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። እናታችንም በሕይወት እያለች ወገቧን ሲያማት ፍል ውሃ ብትገባ ትመኝ ነበር። ደግሞ አገራችንን ታውቋታላችሁ። ሶደሬ በሉት ወንዶ ገነት፣ ሰውነቱን ያመመው ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ፍል ውሃ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃን ስለወደዱት ነው። እና እኔ ብቻዬን ያበድኩ እንዳይመስላችሁ። "እትዬ፣ ዘንድሮ ፍል ውሃ ወስጄ አድንሻለሁ" ብዬ ደሞዜን ይዤ ወሰድኳት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የቦታው አይደለም፣ የእኔ ነው።

ገባች። መጀመሪያ ደስ አላት፣ ዓይኗን ጨፍና "እፎይ" አለች። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። "ወንድሜ፣ ዓይኔ እየጨለመብኝ ነው" አለችኝ። ነይ ውጪ ብዬ እጇን ያዝኩ። ልትነሣ ስትሞክር እግሯ የለም። በቃ የለም። ሁለቱም ጉልበቷ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ። ሌላ ሰው ደርሶልኝ ተሸክመን አወጣናት። ሴቶች ነጠላ አለበሷት። አንዲት እናት "ልጄ፣ ምን አድርገሃት ነው?" አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? እህቴን ሽባ አድርጌ ወደ ዲላ ልመልሳት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ከመቃብር የምታየኝ መሰለኝ።

ዛፍ ሥር አስተኛናት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣናት፣ በእርጥብ ፎጣ ፊቷንና አንገቷን አበስናት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእግር ጣቷን አንቀሳቀሰች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግፌያት ቆመች። ዓይኗም ተመለሰ። ማንም ያዳናት የለም፤ ቀዘቀዘች፣ ተመለሰች። ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ አዲስ አበባ ነው። ተበድረን ሄድን። ኤምአርአይ ተነሣች፣ ከጀርባዋ ፈሳሽ ተወሰደ። የነርቭ ሐኪሟ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ የፍል ውሃውን ታሪክ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እስኪ ድገሙልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ እንዲህ ብለው አስረዱን፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደተሸፈነ ሁሉ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ያሉ ነርቮችም ሽፋን አላቸው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ያንን ሽፋን ይበላዋል። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ መልእክት ያስተላልፋል፣ ግን ለጥቂት ነው። ሰውነት በግማሽ ዲግሪ እንኳ ሲሞቅ መልእክቱ ይቋረጣል። ሲቀዘቅዝ ይቀጥላል። "አዲስ ጉዳት አላደረሱባትም" አሉኝ። "በሽታው ቀድሞም ነበረ። ሙቀቱ አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።" እዚያው ቢሮ ውስጥ አለቀስኩ። እትዬ ናት ያባበለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1868 ለይቶ የገለጸው ዣን ማርቲን ሻርኮ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ሙቀት የሕመምተኞቹን ዓይን እንደሚያደበዝዝ ደግሞ ዊልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 ጻፈ። ነገሩ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ይባስ ብሎ ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የተጠረጠረን ሰው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ይመረምሩ ነበር። ምልክቱ ከባሰበት በሽታው ይሄ ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ገጹ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። እኔ ያንን የድሮ ምርመራ ሳላውቅ በእህቴ ላይ ሠርቼዋለሁ ማለት ነው።

በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ሴቶችን ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይይዛል። ከምድር ወገብ ርቆ በሚኖር ሕዝብ ዘንድ ይበዛል፣ እኛ ዘንድ ያንሳል። ግን ማነሱ ለታመመው ሰው ምኑም አይደለም። እንዲያውም ያነሰ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የነርቭ ሐኪምም ቢሆን ጥቂት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1998 ዓ.ም ነው። ትናንት ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ቡና ለቃሚዋ እትዬ አራት ዓመት "ሰነፍ" ስትባል ኖረች።

እሺ፣ ውሃው የት መጣ?

ሐኪሟ መድኃኒቱን ከጻፉላት በኋላ "እንቅስቃሴ አታቋርጪ" አሏት። ድሮ የዚህ በሽታ ሕመምተኛ ዕረፍት አድርግ፣ አትድከም ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ዩታ ውስጥ 54 ሕመምተኞች የተሳተፉበት የ15 ሳምንት ጥናት ታተመ፤ የሠሩት ሰዎች ጉልበታቸውም ስሜታቸውም ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ተገለበጠ። ችግሩ እንቅስቃሴ ያሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ እትዬን ይጥላታል። "ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ ብትሠሪው ጥሩ ነበር" አሉ። "ከ27 እስከ 29 ዲግሪ።" ከዚያ እኔን አይተው "አንተ ደግሞ የስፖርት መምህር ነህ አይደል?" አሉኝ።

ነኝ። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ዋናን በጥቁር ሰሌዳ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ምስክር ናችሁ፦ "የደረት ዋና አራት ደረጃ አለው" ብዬ ጽፌ፣ እጄን አየር ላይ እያወናጨፍኩ፣ እናንተ ደብተራችሁ ላይ ገልብጣችሁ በፈተና ጠይቄያችኋለሁ። ውሃ የለማ! ሁላችንም ደረቅ ዋናተኞች ነን።

በፊዚክስ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ አርኪሜዲስን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። እስከ ደረቱ ሲገባ ሲሶ ያህል፣ እስከ አንገቱ ሲገባ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀራል። እትዬ 60 ኪሎ ናት። ደረቷ ድረስ ስትገባ እግሯ የሚሸከመው 20 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ ከአየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ በፍጥነት ሙቀት ይወስዳል፤ እየሠራች የምታመነጨውን ሙቀት እዚያው ይቀበላታል። ሦስተኛ፣ ውሃ ከየአቅጣጫው ይይዛል። መሬት ላይ ሚዛን የሳተ ሰው ወድቆ ነው የሚያውቀው፤ ውሃ ውስጥ ግን ለመመለስ ጊዜ አለ። አራተኛ፣ ጥንካሬውን የምትወስነው ራሷ ናት። ቀስ ካለች ውሃው ይለዝባል፣ ከፈጠነች ይከብዳል።

ውሃ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ለገዳራን ነው፤ ልጅ ሆነን የተንቦጫረቅንበት ወንዛችን ነው። ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ክረምት ሲመጣ ይደፈርሳል፣ ቢልሃርዚያም ያሰጋል። ያንን መድኃኒት ለምትወስድ ሰው ደግሞ ተጨማሪ በሽታ መግዛት አይገባም። ዓባያ ሐይቅ ቅርባችን ነው፤ እሱን ሳነሣ እትዬ "አዞው ቀድሞ ያክመኛል" አለች። የቀረው ሀዋሳ ነው። 90 ኪሎ ሜትር።

አንድ ሆቴል አገኘን። የገንዳውን ሙቀት ለማወቅ ከትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ ሄድኩ (የኬሚስትሪው መምህር ወዳጄ፣ አሁንም አልመለስኩልህም፣ ይቅር በለኝ)። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 27 ዲግሪ። ልክ እንደተባለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ግን ይወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ብቻ ነው የምንገባው።

የሚከብደው ሙቀቱ አልነበረም። የሚከብደው ልብሱ ነበር። እትዬ ዕድሜ ልኳን እግሯን ከጉልበቷ በላይ ለሰው አሳይታ አታውቅም። ገንዳው ዳር ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ይሳሳቃሉ። የቤቱ ደንብ ደግሞ ያለ ዋና ልብስ አያስገባም። "እንሂድ" አለችኝ። "ለዚህ ብለን ነው የመጣነው?" ስላት "ለዚህ ብዬ አልመጣሁም፤ ለአንተ ብዬ ነው የመጣሁት። ፍል ውሃውን እንድትረሳው" አለች። ዝም አልኩ። እኔ እሷን ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

የገንዳ ጠባቂዋ ልጅ ሰማችን መሰለኝ ጠጋ ብላ "እማማ፣ ከሥር ረጅም ታይት፣ ከላይ ረጅም እጅጌ ቢለብሱ እኛ ችግር የለብንም" አለቻት። 42 ዓመት ባልሞላት ሴት ላይ "እማማ" ስትባል እትዬ ሳቀች። "እማማ ብለሽኛልና ከእንግዲህ ምን ያሳፍረኛል" ብላ ገባች።

የምንሠራው ይሄው ነው። ደረቷ ድረስ በሚደርሰው በኩል፣ ጠርዙን ይዛ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ትራመዳለች። ተረከዟን ታነሣለች፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ትስባለች። በአንድ እግሯ ቆማ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ መጀመሪያ ሦስት ላይ ትቀር ነበር። እጇን ውሃው ውስጥ ትገፋለች፣ ትስባለች። በመጨረሻ በጀርባዋ ተንሳፋ እኔ ከአንገቷ ሥር እደግፋታለሁ። መጀመሪያ ቀን 10 ደቂቃ፣ አሁን 30 ደቂቃ፣ በመሐል ዕረፍት እያደረግን። ዋናተኛ አይደለችም፣ መሆንም አያስፈልጋትም።

ተአምር አልጽፍላችሁም። በሽታው አልለቀቃትም። ባለፈው ኅዳር አንድ ጊዜ አገርሽቶባት ሁለት ወር ቀርተናል። መድኃኒቱ አንዳንዴ ይጠፋል። ከዘራ ትይዛለች። ግን ከዓመት ተኩል በፊት ሽንት ቤት ለመሄድ የእኔን ወይም የልጄን ትከሻ ትፈልግ ነበር፤ አሁን ብቻዋን ትሄዳለች። ይህን "ትንሽ ነገር" የሚል ካለ ሰው ደግፎት ሽንት ቤት ሄዶ የማያውቅ ነው። ድካሟም ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢራን ጥናት ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፤ ሕመምተኛ ሴቶች በሳምንት 3 ቀን ለ8 ሳምንት ውሃ ውስጥ ሠርተው ድካማቸው ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሁሉንም ሰው ይወክላል አልልም። እኛ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምንችለው፤ ትራንስፖርቱና የመግቢያው ዋጋ ከደሞዜ ጋር እንዴት እንደሚታገል መምህራን ወዳጆቼ ታውቁታላችሁ። በቀሩት ቀናት ቤት ውስጥ ጠዋት በብርዱ ትሠራለች፤ ከመጀመሯ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠባለች፣ እርጥብ ነጠላ አንገቷ ላይ ታደርጋለች። ይሄኛው ገንዘብ አይፈልግም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእነዚህ ነገሮች ነው።

1. ቤታችሁ ውስጥ እግሩ የሚደነዝዝ፣ ዓይኑ መጥቶ የሚሄድ፣ ሲሞቀው የሚብስበት ሰው ካለ "ምች ነው" ብላችሁ አትጠኑት፣ ፍል ውሃም አትውሰዱት። መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ይየው። ጸሎታችሁንም ቀጥሉ፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም።

2. ውሃ ውስጥ የምትሠሩ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። በሽታው ባገረሸ ሰሞን፣ ቁስል ወይም ትኩሳት ሲኖር አይገባም። ብቻችሁን በፍጹም አትግቡ። ድካም ከመምጣቱ በፊት ውጡ፤ ከውሃ ስትወጡ ክብደታችሁ ሁሉ በአንዴ እንደሚመለስ አትርሱ፣ እትዬ የወደቀችው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

3. ነርስና ጤና መኮንን የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ብዙ ናችሁ፣ እኮራባችኋለሁ። ጤና ጣቢያችሁ የመጣችውን ሴት "ጭንቀት ነው" ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ሲሞቅሽ ይብስብሻል?"

4. ሆቴል የምትሠሩ፣ ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ ዲላ እያደገች ነው። ገንዳ ስትሠሩ አንድ የእጅ መያዣ ብረትና ዝቅ ያለ መግቢያ ጨምሩበት። ብዙ ወጪ አይደለም። ያኔ እኔም ዋናን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ አወርደዋለሁ።

ገንዘብ እየጠየቅኩ አይደለም፤ እትዬ ይህን ካየች ከዘራዋ ለእኔ ይሆናል።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ነን። እሷ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ነፋስ ስለምትፈልግ። በአፖስቶ አድርገን ሀዋሳ እስክንገባ ትተኛለች። ከገንዳው ወጥተን ልብሷን ቀይራ ስትመጣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ትጠይቀኛለች፤ "ዛሬ ስንት ቆጠርኩ?" ባለፈው ሳምንት በግራ እግሯ ቆማ እስከ 14 ደርሳለች።

ነገ 15 ትላለች ብዬ እጠብቃለሁ። ባትልም እንሄዳለን።

መልካም ሰንበት፣ ወዳጆቼ። ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉልኝ።